የማይሰማ እሺ

ሥራዬ ሳላንኳኳ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ነበር። በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ የካርቱም ክፍል በሆነችው ባሕሪ ውስጥ፣ ከጋራዦቹና ከዱቄት ፋብሪካዎቹ ጀርባ ካለ ሕንፃ ላይ፣ የሞባይል ደንበኞች እየደወሉ የሚነጫነጩበት የጥሪ ማዕከል ነበረን። በትልቁ አዳራሽ ሠራተኞቹ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አጥልቀው ይደረደራሉ። እኔ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል እቀመጣለሁ። ክፍሏ የምትቀዘቅዘው ለማሽኖቹ ተብሎ እንጂ ለእኔ ታስቦ አይደለም፤ ካርቱም በሙቀት ሲቀቀል ሹራብ ደርቦ የሚሠራ ሰው ምናልባት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያች ክፍል ሆኜ በአንድ ፕሮግራም የሁሉንም ስክሪን አያለሁ። የአንዷ ኮምፒውተር ሲደርቅ ከወንበሬ ሳልነሣ ገብቼ ማውሷን እነጥቃታለሁ፤ ቀስቷ በራሷ ስትሄድ ባለቤቲቱ ሁለት እጇን አንሥታ ትጠብቃለች። ማን ስልክ እንዳነሣ፣ ማን ሻይ ልጠጣ ብላ እንደ ወጣች በዚያው እንደ ቀረች፣ ሁሉም ይታየኛል። ካስፈለገ ጥሪያቸውንም ሳይታወቅብኝ ማዳመጥ እችላለሁ። አዳራሹ ይህን ነገር «ዛር» ብሎ ሰየመው። ዛር ለሱዳኖቹም ለእኛም የጋራ ስለሆነ ማንም ትርጉም አልጠየቀም። «ዛሩ መጣብኝ» ትላለች አንዷ ቀስቷ ስትሸሻት። «ምን አለሽ?» ትላታለች ጎረቤቷ። የእኛ ዛር እንደ ሌላው ዛር ሽቶና ቀይ ዶሮ አያምረውም፤ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት።

ከእኔ በላይ ደግሞ ታላቁ ዛር ነበር። ሥርዓቱን የተከለልን ድርጅት ባለሙያ ነው፤ ባሕር ማዶ ተቀምጦ እኔ በሌሎቹ ላይ እንደምሰፍረው እሱ በእኔ ላይ ይሰፍራል። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ችግራችንን ስንነግረው ይገባል፣ ይጎረጉራል፣ ከዚያ ስክሪኔ ላይ ባዶ ገጽ ከፍቶ «በእኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። የእሱ በኩል የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ሁሉ ነገር ሁልጊዜ ደህና የሆነበት አገር ነውና ብኖርበት ደስ ባለኝ።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛዬ መናገር አለብኝ። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ሱዳናዊ ነው፣ እዚያው ባሕሪ የመኪና ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል ኖሯል። እናቴ በአማርኛ ትቆጣለች፣ እኔ በዐረብኛ እመልሳለሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ተግባብተናል። በዚህ የተነሣ ያኔ የነበረኝ አማርኛ በአብዛኛው የትእዛዝና የቁጣ ነበር። «በሩን ዝጊው»፣ «ምን ይጎልትሻል» እስከሚባለው ድረስ የሚስተካከለኝ የለም፤ ለአንድ እንግዳ ደህና ዋሉ ለማለት ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ማንበብና መጻፉን በኋላ በእልህ ተማርኩት። አሁን ይህን ስጽፍ እናቴ ከኋላዬ ቆማ የምትስቅብኝ ይመስለኛል፤ መብቷ ነው።

ሙዲራችን፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ሰፊ ሆድና ሰፊ ሐሳብ ያለው ሰው ነበር። ከተማው በሐበሻ ደንበኛ መሙላቱን ሲያይ የአማርኛ መስመር እንክፈት አለ፤ ብሎም አልቀረ፣ ከፈተ። ለመስመሩ የተቀጠረችው ከደሴ አካባቢ የመጣች ሴት ናት። አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ከወንዙ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች ባንዱ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ዐረብኛዋን የተማረችው ከማዳሟ ጋር ስትጣላ ስለሆነ ፈጣንና ስለታም ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ። እሷ ደስ ስትሰኝብኝ «እናትዬ»፣ ኮምፒውተሯ ሲበላሽ «አንቺ ዛር» ትለኛለች።

«ቁጭ ብዬ ደመወዝ!» ትል ነበር በመጀመሪያው ሰሞን። «ወላሂ እግሬ ግራ ገብቶታል።»

የሚደውሉላት ሴቶች አብዛኞቹ እንደ እሷ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። ረሲድ፣ ማለትም የስልክ ሒሳብ፣ እንዴት እንደሚሞላ፣ አገር ቤት ለመደወል የትኛው ሰዓት እንደሚረክስ፣ ስልኩ ለምን በዐረብኛ ብቻ እንደሚያናግራቸው ይጠይቃሉ። እሷም እንደ ታላቅ እህት አንድ ባንድ ታስረዳለች። ከኋላዋ ክፍሌ ሆኜ ስሰማት አማርኛ ያለ ቁጣም እንደሚነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ጥሪዎቿ ይቆረጡ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያውም ይቆረጡ ነበር፤ ልብ ያልነው ዘግይተን ነው። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ የተቋረጡ ጥሪዎችን በየሰው አድርጎ በቀይ ያሳያል። የሌሎቹ ቀይ ክር ያክላል፤ የእሷ መጋረጃ ነበር። ከጎኑም «በሠራተኛ በኩል ተዘጋ» ይላል። ማሽን አይዋሽም ይባላል። ይህን የሚለው ማሽን ጠግኖ የማያውቅ ሰው ነው።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ማዳመጫዋን ቀየርኩ፣ ገመዷን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሯን አጠፋሁ አበራሁ። ታላቁን ዛር ጠራሁት። ገባ፣ ጎረጎረ፣ በእሱ በኩል ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ። በጆሮዬም አዳመጥኩ። እሷ ትናገራለች፣ ከወዲያ ጸጥታ፤ እሷ ትናገራለች፣ ጸጥታ፤ ከዚያ ድንገት ድርግም። ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ጥሪ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች አሉ፣ አንዱ ለሠራተኛዋ አንዱ ለደንበኛዋ፤ የሚናገረው ሰው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። የእሷ እንደ ተራራ ሰንሰለት ሲወጣና ሲወርድ የደንበኞቿ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ደውለው ዝም የሚሉት ብዬ በደንበኞቹ ተናደድኩ። ዝም አይነቅዝም ትላለች እናቴ። የእኛ መሥሪያ ቤት ዝምታ ግን ይነቅዝ ነበር።

ሙዲሩ ጠራንና ነገሩን አሳጠረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይህ ቀይ ካልቀነሰ መስመሩ ይዘጋል፣ እሷም ትሰናበታለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእሱም ከበላዩ የሚቆጣው አለ። ግን የእትዬ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በዚህ ሥራ ስም የወጣ ነው። ሥራው ከሄደ ወረቀቱም ይሄዳል፤ ያኔ ያላት ምርጫ ተመልሳ አል-ማንሺያ ማዳሟ ደጅ መቆም ብቻ ነው።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ያለችኝ ግን ስለ ኢቃማው አይደለም።

«ሰርግ ላይ ሰላም አይሉኝም፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ከአረብ ቤት ወጥታ አረብ ሆነች፣ ፊታችን ላይ ስልክ ትዘጋለች ይሉኛል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ትናንት ነው። እኔ! ማዳም ፊቴ ላይ በር ስትዘጋ የኖርኩ ሴት፣ በእህቶቼ ላይ ስልክ ልዘጋ?»

አንጀቴን በላችው። እጇን ያዝኩ።

ሙዲሩ መፍትሔ አለኝ አለ። ደንበኞቹ ዝም እያሉ ስለሆነ ይናገሩ፤ እሷ ባስረዳች ቁጥር «ናዓም» እያሉ ይመልሱ። ትእዛዝ ነውና እትዬ በየጥሪው መጀመሪያ ላይ ለመነቻቸው። ናዓም በዐረብኛ አዎ ማለት ነው፤ ችግሩ ሰው ሲጠራሽም «አቤት» የምትዪው በዚሁ ቃል ነው። አንዷ ኩሽና ተደብቃ ስትደውል ናዓም፣ ናዓም ብትል ማዳሟ ማን ጠራት ብላ መጣች። ሌላዋ ላይ ጭራሽ፣ ልጇን ትጠራ የነበረች ማዳሟ ከሳሎን «አንቺን አይደለም!» ብላ ጮኸችባት። የቀሩት ሁለቴ ናዓም ይሉና ጨዋታው ሲጥማቸው ይረሱታል። እትዬ በሦስተኛው ቀን ተወችው።

«ተደብቀው ነው የሚደውሉት፣ ያ ሙዲር» አለችው በዐረብኛ፤ «ያ» የዐረብኛ «ሆይ» ነው። «ጮክ በሉ ብዬ ሥራቸውን አላሳጣቸውም።»

«የራስሽን ታጪዋለሻ» አላት።

«ኢንሻአላህ አላጣም» አለች፣ ፊቷ ግን ኢንሻአላህ አይልም ነበር።

ያን ዕለት ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብዬ ዛርነቴን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሹራቤን አውልቄ፣ አዳራሹን አቋርጬ፣ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አብረን በሠራንባቸው ወራት ወደ ጠረጴዛዋ በእግሬ ስመጣ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ጥሪ እስኪመጣ ስለ ማዳሟ ታወራኝ ጀመር፤ አንዴ እንግዳ ፊት ቋንቋሽ ምንድነው ብትላት «የእርስዎን ሐሜት የማወራበት» እንዳለቻት ነገረችኝ። ወሬው ጣፍጦኝ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ።

ከጎናችን ያለችው ሱዳናዊት ማዳመጫዋን አወለቀችና ትክ ብላ አየችኝ።

«ማሊኪ?» አለችኝ፤ ምን ሆነሻል ማለቷ ነው። «አዝማ አለብሽ እንዴ?»

አዝማ አስም ነው። አስም የለብኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም አልኳት።

«ታዲያ ለምን ትንፋሽ ያጥርሻል? እሷ ባወራች ቁጥር ህእ፣ ህእ ትያለሽ» አለችና ልክ እንደ እኔ አድርጋ አሳየችኝ።

እትዬና እኔ ተያየን። ምን ሳደርግ እንደነበርኩ ያን ጊዜ ሰማሁት። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ የሚባለው እሺ ነው። ትኩስ ሻይ ምላሱን ያቃጠለው ሰው እንደሚስባት ዓይነት አጭር ትንፋሽ ናት። እየሰማሁሽ ነው፣ ገብቶኛል፣ ቀጥዪ፣ ልክ ነሽ፣ ሁሉም በእሷ ውስጥ አለ። ያገራችን ሰው ሲያዳምጥ ይህንኑ ይላል እንጂ ዝም አይልም። አማርኛዬ ስብርብሩ የወጣ ነበር፤ ትንፋሼ ግን ለካ ወሎ ነው ያደገው። እናቴ አል-ጣኢፍ ደርሳ መጥታ ማታ ማታ ወሬዬን ስትሰማ የምታሰማው ድምፅ ይኸው ነበር፤ በልጅነቴ ደክሟት የምትተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

«ደንበኞቹ ዝም እያሉ አይደለም» አልኳት።

«ኧረ መቼ ዝም ብለው ያውቃሉ!» አለች እትዬ። «እሺ ይላሉ እንጂ። እኔ መች ዝም አሉ አልኩ? ዝም አሉ ያለው የአንቺ ዛር ነው።»

እውነቷን ነው። እሷ የሞባይሉን አየር ታግሎ ከሚደርሰው ሽውታ ትሰማዋለች፣ ባትሰማውም ታውቀዋለች። ማሽኑ ግን ጫጫታ እንዲያጠራ የተሠራ ነውና ትንፋሽን እንደ ንፋስ ይጠርገዋል። ከጠረገው በኋላ ደግሞ ደንበኛዋ ስልኩን ትታ ሄዳለች ብሎ ይደመድማል፣ መስመሩንም ይዘጋል። ዘጊው እሱ፣ ተከሳሿ እሷ።

ለሙዲሩ ስነግረው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ትንፋሽ ቃል ነው ነው የምትዪኝ?»

«ያ ሙዲር፣ አሁን ሻይ ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ምላሱን በላንቃው ጠቅ አደረጋት። ሱዳኖች አዎ የሚሉት እንዲህ ነው፤ ምላስ ጠቅ ይላል፣ አለቀ። ሌላ አገር ሰው ንቀት ይመስለዋል።

«አሁን ምን አልከኝ?»

«ያ ሰላም!» አለ ተገርሞ። የእነሱ አዎ ጠቅ ስለሚል ማሽኑ ይሰማዋል። የእኛው ግን ድምፅ የለውም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነበር።

የቀረው ለታላቁ ዛር ማስረዳት ነው። የድምፅ ነገር በጽሑፍ አይሆንም ብዬ ስልክ ደወልኩለት። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው ድምፁን ስሰማው፤ ጉንፋን የያዘው ተራ ሰው ነበር። በእንግሊዝኛዬ አስረዳሁትና «እንዲህ ነው የሚሉት» ብዬ ሳብኩለት።

«ሃሎ?» አለ።

እንደገና ሳብኩ።

«ሃሎ? አለሽ?»

ይገባው ብዬ ደጋግሜ ሳብኩለት። ተቆረጠ። የእኛም የቢሮ ስልክ በዚያው ሥርዓት ውስጥ እንደሚያልፍ ረስቼው ነበር። ሁለተኛ ደወልኩ፣ ያው ሆነ። በሦስተኛው ሙዲሩ ነጠቀኝና እኔ ላሳየው ብሎ በሰፊ ደረቱ አየር ሲስብ ትን አለውና ሳል በሳል ሆነ። ሳሉን ማሽኑ ጥርት አድርጎ አስተላለፈው። ከወዲያ ያለው ሰውዬ እግዚአብሔር ይማርህ ዓይነት ነገር አለ።

ግን ቆራጩ ራሱ ምስክር ሆነልን። እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ መስመሩ እንደሚሞት በገዛ ጆሮው ሰማ። ገባና እኔ እንዳላየው የተከለከልኩትን ገጽ ከፈተ፤ እዚያ አንድ ሕግ ነበር፣ ደዋዩ ለጥቂት ሰከንድ ድምፅ ካላሰማ ሄዷል ማለት ነው የሚል። ለአማርኛው መስመር ብቻ ሕጉን አነሣው። ፕሮግራሙ ታዲያ ምክንያት ሳይመርጡ አያስወጣም፤ የመሣሪያ ብልሽት፣ የመስመር ጫጫታ፣ የተጠቃሚ ስህተት ይላል። ቀስቷ ወደ ተጠቃሚ ስህተት ስትሄድ አየኋት።

ደሜ ፈላ። ማውሴን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኩ፣ እሱ ከባሕር ማዶ ወደ ታች ጎተተ። አንዲት ቀስት ስክሪኑ መሐል ስትንቀጠቀጥ ሙዲሩ ከኋላዬ «ምን ሆነች?» ይላል። አሸነፈኝ፤ ታላቅ ዛር ነዋ። በመዝገባቸው ውስጥ የወሎ ሴቶች ትንፋሽ እስከ ዛሬ የተጠቃሚ ስህተት ሆኖ የተቀመጠ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሙዲሩ ካላየሁ አላምንም ብሎ ጠባቧ ክፍሌ ገባ። ከእሱ ጋር ቦታውም አየሩም አለቀ። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ ያዝን። እትዬ እንደምናዳምጣት ታውቃለች፤ በክፍሌ የመስታወት ግድግዳ በኩል ሲታይ ጠርሐዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ ደጋግማ ታስተካክላለች። ጥሪ መጣ። አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ አገር ቤት ልጄ ጋ ስደውል ረሲዴ ለምን ቶሎ ያልቃል አለች። እትዬ ማስረዳት ጀመረች።

የእትዬ መስመር ይወጣል ይወርዳል። የሴትዮዋ ቀጥ ብሎ ተኛ። ሙዲሩ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ መቆረጡን ይጠብቃል። ድሮ የሚቆረጥበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። እትዬ ቀጠለች። ስለ ሰዓቱ ነገረቻት፣ ስለ ቅናሹ ነገረቻት፣ አንዱን ሁለቴ ነገረቻት። ከወዲያ ምንም አይሰማም። ጨረሰች።

«አለቀ?» አለች ሴትዮዋ። «ሳትዘጊብኝ?»

«አለቀ፣ እታለም» አለች እትዬ።

«እኔ እኮ ስትዘጊብኝ ስትዘጊብኝ ጊዜ፣ አረብ ሆናለች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ወላሂ አምቼሻለሁ። አፉ በይኝ።»

በመስታወቱ እትዬ አፏን በመዳፏ ስትይዝ አየኋት። ከዚያ ሁለቱም መስመሮች ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብለው ተኙ። ሙዲሩ ጠበቀ፣ ደነገጠ፣ ማዳመጫውን መታ መታ አደረገው።

«ተቆረጠ?» አለኝ።

«አልተቆረጠም» አልኩት። «እያወሩ ነው።»